ጭማሪ በጭማሪ ላይ ሲደረብ

ተነጋጋሪዎቹ እህትና ወንድም ናቸው፤ ኑሯቸው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። እሱ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ከሦስተኛው እትም ጀምሮ ሲመራ ኖሯል፤ እሷ ተጫዋች ሆና ቆይታ አሁን የራሷን ጠረጴዛ ልትመራ ተነሥታለች። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ ይህን ያህል ይበቃል፦ አንድ መሪ ታሪኩን ይዘረጋል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው ይገቡበታል፤ ውጊያ ሲነሣ ዳይስ ይወረወራል። ባለ 20 ፊቱ ዳይስ ምቱ ማረፉን ወይም መሳቱን ይወስናል፤ ሌሎቹ ዳይሶች የጉዳቱን መጠን ይነግራሉ። በዚያ ጉዳት ላይ ከጥንካሬ፣ ከመሣሪያ፣ ከድግምትና ከጓደኛ የሚመጡ ጭማሪዎች ይታከላሉ። ጭቅጭቁ የሚነሣው እነዚህ ጭማሪዎች እርስ በርስ ሲገናኙ ነው።

እህት፦ ጋሼ፣ ቅዳሜ ልጀምር ነው። ታሪኩ ተጽፏል፣ ካርታውም ተሥሏል። ያልጨረስኩት የጭማሪን ነገር ነው። አንዱ ፓላዲን፣ አንዷ ሮግ፣ አንዱ ዋርሎክ የሚባሉትን ሙያዎች ይዘው ይመጣሉ፤ ሦስቱም ከአሁኑ «ይሄ ከዚያ ጋር ይደመራል ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ስጫወት የማውቀው የራሴን ብቻ ነበር።

ወንድም፦ መጠየቃቸው ጥሩ ነው። እኔ በመራኋቸው ጠረጴዛዎች ከዚህ የበለጠ ያከራከረ ነገር አላስታውስም። ለሁሉም የሚሆን አንድ መልስ ግን አትፈልጊ።

እህት፦ መደመር መደመር አይደለም እንዴ?

ወንድም፦ መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ነበር። በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የመጀመሪያውን ሣጥን ሲያወጡ ሰይፍም ሆነ ጩቤ የሚያደርሰው ጉዳት አንድ ባለ 6 ፊት ዳይስ ነበር። የሚደራረብ ነገር እምብዛም አልነበረም። በዓመቱ ግሬይሆክ የተባለው ተጨማሪ መጽሐፍ መጣ፤ ለየመሣሪያው የራሱ ዳይስ ተሰጠው፣ ሌባውም እንደ አንድ ሙያ ገባ። ሌባው ከኋላ ሲወጋ ጉዳቱ ይባዛል፤ ደረጃው ከፍ ባለ ቁጥር ብዜቱም ከእጥፍ ወደ ሦስት፣ ከሦስት ወደ አራት እጥፍ ይሄዳል። ክርክሩ የተወለደው ያኔ ነው። የሚባዛው ምኑ ነው? ዳይሱ ብቻ ነው? የክንዱ ጥንካሬ የሚጨምረውስ? የሰይፉ አስማትስ? በ1989 የወጣው ሁለተኛው እትም በግልጽ መለሰው፦ መጀመሪያ የመሣሪያው ዳይስ ይባዛል፣ የጥንካሬና የአስማት ጭማሪው የሚታከለው ከዚያ በኋላ ነው።

እህት፦ ቅደም ተከተሉ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ወንድም፦ አስቢው። ዳይሱ 4 ወጣ እንበል፤ ጭማሪው 5፣ ብዜቱ አራት እጥፍ ነው። አባዝተሽ ከደመርሽ 16 እና 5፣ 21 ይሆናል። ደምረሽ ካባዛሽ ግን 9 በ4፣ 36 ነው። ዳይሱም ያው ነው፣ ሌባውም ያው ነው። 30 የሕይወት ነጥብ ያለው ጭራቅ በአንዱ ጠረጴዛ ቆሞ ይመታል፣ በሌላው ወድቋል።

እህት፦ እሺ፣ ይህ ገባኝ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን የእርዳታው ብዛት ነው። ክሌሪኩ ይባርካል፣ ባርዱ ይዘምራል፣ ሰይፉ አስማታዊ ነው፣ ባለሰይፉ ራሱ ደግሞ ችሎታ አለው። ሁሉም ተደምሮ የት ይደርሳል?

ወንድም፦ ለዚህ ጥያቄ ትልቁን ሥራ የሠራው ሦስተኛው እትም ነው። በ2000 ሞንቴ ኩክ፣ ጆናታን ትዊትና ስኪፕ ዊልያምስ ሲያዘጋጁት ለጭማሪዎች ዓይነት አወጡላቸው። የሞራል ጭማሪ አለ፣ የዕድል አለ፣ የመሣሪያ ማሻሻያ አለ፣ የቅድስና አለ፣ ሌሎችም አሉ። ዓይነታቸው የተለያየ ይደመራሉ፤ ዓይነታቸው አንድ ከሆነ ከጥቂቶች በስተቀር ትልቁ ብቻ ይሠራል። ክሌሪኩን እዪው። ዲቫይን ፌቨር የሚባለውን ድግምት በራሱ ላይ ሲያደርግ ለምቱም ለጉዳቱም የዕድል ጭማሪ ያገኛል። ፕሬየር የሚባለው ድግምትም ለእሱና ለጓዶቹ 1 ይጨምራል፤ ያም ግን የዕድል ጭማሪ ነው። ስለዚህ ክሌሪኩ ሁለቱንም አድርጎ ሁለቱንም ሊያገኝ አይችልም። ባርዱ በዜማው የሚያቀብለው ድፍረት በ2003 በወጣው የታረመ እትም የሞራል ጭማሪ ነው፤ ስለዚህ ከዕድሉ ጋር ይደመራል።

እህት፦ ይህን ሁልጊዜ ኢፍትሐዊ ነው እል ነበር። ሁለት ሰው ከረዳኝ የሁለቱም እርዳታ ይገባኛል።

ወንድም፦ ዝናብ ላይ ሁለት ጃንጥላ ብትይዢ እጥፍ አትደርቂም። ካፖርት ብትደርቢ ግን ሌላ ነገር አገኘሽ። ደንቡ የሚለው ይህንኑ ነው። እኔ የምወድለት ግን ለሰው ማሰቡ ነው። ጭማሪ ያለ ልክ የሚደመርበት ጠረጴዛ ላይ የሚያዋጣው ሁሉም አንድ ዓይነት ሰው ሆኖ መምጣት ነው፤ አራት ክሌሪክ አንዱን ተዋጊ ከበው ይባርካሉ። ዓይነት ባለበት ጠረጴዛ ላይ ግን ሁለተኛው ክሌሪክ የመጀመሪያው የሌለውን ይዞ መምጣት አለበት። ተጫዋቾች የተለያየ ነገር እንዲያመጡ፣ እያንዳንዱም እንዲፈለግ ያደርጋል።

እህት፦ ዓይነቱ ያልተጻፈበት ጭማሪ ሲያጋጥምስ?

ወንድም፦ ቀዳዳው እሱ ነው። ዓይነት ያልተሰጠው ጭማሪ ከሁሉም ጋር ይደመራል፤ የሚከለከለው ከዚያው ምንጭ ሁለቴ መምጣት ብቻ ነው። አዲስ መጽሐፍ በታተመ ቁጥር አዳዲስ ዓይነቶችና ዓይነት አልባ ጭማሪዎች ይጨመራሉ፤ ተጫዋቹም ሥራው እነሱን መልቀም ይሆናል። ደረጃቸው ከፍ ያሉ ገጸ ባሕርያት ሲዋጉ የአንዱን ምት ድምር ለመጨረስ የሚወስደው ጊዜ ሌሎቹን ያደክም ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ያደከመው ብዛቱ ነው።

እህት፦ አንተ ሁልጊዜ የምታነሣው የሬፒየር ነገርም የዚያን ጊዜ አይደል?

ወንድም፦ አዎ፤ ክሪቲካል፣ ማለትም ጉዳቱ የሚባዛበት ምት፣ የማግኘት ዕድልም ራሱ ሊደራረብ እንደሚችል ያሳየኝ እሱ ነው። ሬፒየር የምትባለዋ ቀጭን ሰይፍ በሦስተኛው እትም 18፣ 19 ወይም 20 ሲወጣ ለክሪቲካል ታበቃለች። ኪን የሚባለው የሰይፍ አስማት ያን ክልል እጥፍ ያደርገዋል፤ ኢምፕሩቭድ ክሪቲካል የሚባለው የተዋጊው ችሎታም እንዲሁ። በ2000 ሁለቱ አብረው ይሠሩ ስለነበር ክልሉ ከ12 እስከ 20 ደረሰ። ከ20 ፊቶች 9ኙ፣ ማለትም 45 በመቶ። በ2003 እርማቱ ሁለቱ እንዳይደራረቡ ከለከለ፤ ከ15 እስከ 20 ቀረ፣ 30 በመቶ። ልክ ነበሩ እላለሁ። ክሪቲካል ጠረጴዛውን ከመቀመጫው የሚያስነሣው ድንገት ስለሚመጣ ነው፤ በየሁለት ምቱ ከመጣ ጩኸቱም ይቀራል።

እህት፦ ቆይ፣ እጥፍ በእጥፍ አራት እጥፍ ነው። ሦስቱ ፊት አራት እጥፍ ሲሆን 12 ነው፤ ክልሉ ከ9 መጀመር ነበረበት።

ወንድም፦ ጥሩ ይዘሻል። በሦስተኛው እትም እጥፍ በእጥፍ ሦስት እጥፍ ነው፤ ሁለተኛው ብዜት አንድ ተቀንሶለት ይደመራል እንጂ አይባዛም። ፈረሰኛው ላይ ጎልቶ ይታያል። ስፒሪትድ ቻርጅ የሚባለው ችሎታ ያለው ሰው ፈረስ እየጋለበ በረጅም ጦር ሲመታ ጉዳቱ ሦስት እጥፍ ነው። ያ ጦር ክሪቲካል ሲያገኝ ለብቻው ሌላ ሦስት እጥፍ ነው። በትምህርት ቤት ሒሳብ 9 እጥፍ ነበር፤ በደንቡ 3 እና 2፣ 5 እጥፍ። ተራ ምቱ 10 ቢጎዳ አንዱ 90 ነው፣ ሌላው 50። ይህን ደንብ ያወጣ ሰው ብዜቶች እርስ በርስ ሲባዙ የት እንደሚደርሱ ቀድሞ አይቷል።

እህት፦ ወደኛ እንምጣ። ቅዳሜ የምንጫወተው አምስተኛውን ነው።

ወንድም፦ በ2014 በማይክ ሚርልስና በጀረሚ ክሮፎርድ መሪነት የተዘጋጀው ይህ እትም የዓይነቶቹን ዝርዝር አነሣው። ያለ ልጓም ግን አልተወውም። አንድ ስም ያለው ድግምት በአንድ ሰው ላይ ሁለቴ ቢያርፍ አይደመርም፤ የበረታው ይሠራል። ሁለት ክሌሪኮች ብለስ ቢያደርጉልሽ በምትወረውሪው ላይ የሚታከልልሽ አንድ ባለ 4 ፊት ዳይስ ነው። ስማቸው የተለያየ ከሆነ ግን ይደመራሉ።

እህት፦ እንግዲያው ሄክስና ሀንተርስ ማርክ የሚባሉት ድግምቶች ይደመራሉ ማለት ነው። ዋርሎኩ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው፤ ወደፊት ሬንጀር የሚባለውን ሙያ መቀላቀል አስቧል። እያንዳንዳቸው አንድ ባለ 6 ፊት ዳይስ ይጨምራሉ።

ወንድም፦ ስማቸው ስለተለያየ አይጋጩም፤ ግን ሁለቱም ኮንሰንትሬሽን ይፈልጋሉ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ሐሳቡን ሰብስቦ ሊይዝ የሚችለው እንዲህ ያለውን አንድ ድግምት ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ሲጀምር የመጀመሪያው ይጠፋል።

እህት፦ ሌላ ሰው ቢይዝለትስ? ሬንጀር የሆነ ጓደኛው ማርኩን፣ እሱ ሄክሱን?

ወንድም፦ ያኔ ሁለቱም በአንዱ ጭራቅ ላይ ይቀመጣሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ የሚያገለግለው የራሱን ባለቤት ነው። የሄክሱ ዳይስ የሚወረወረው ዋርሎኩ ሲመታ እንጂ ሬንጀሩ ሲመታ አይደለም። ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ የሚያልፉት መስመር ይህ ነው። ጭማሪ ሲመጣብሽ መጀመሪያ «የማን ምት ላይ?» በይ።

እህት፦ ዋርሎኩ ግን ያለዚህም ያስፈራኛል።

ወንድም፦ ሊያስፈራሽ ይገባል፤ ምክንያቱን ግን ቁጥር ውስጥ ፈልጊው። ኤልድሪች ብላስት የሚባለው ድግምቱ 17ኛ ደረጃ ላይ አራት ጨረር ይሆናል። እያንዳንዱ ጨረር ባለ 10 ፊት ዳይስ ነው፣ በአማካይ 5.5፤ አራቱም ካረፉ 22። አጎናይዚንግ ብላስት የሚባለው ችሎታ በእያንዳንዱ ጨረር ላይ የካሪዝማውን 5 ይጨምራል፤ ሄክስ ደግሞ በእያንዳንዱ ላይ በአማካይ 3.5። ጭማሪው ብቻ 34 ነው። መሠረቱ 22፣ የተደረበው 34! አንዱን ጨረር ብቻ ብታዪ ጭማሪው 8.5 ነው፣ አያስደነግጥም። ያበዛው በአራት መምጣቱ ነው። ስለዚህ አንድ ጭማሪ ሲቀርብልሽ ከመጠኑ በፊት በየምቱ ነው ወይስ በየተራው የሚለውን አንብቢ። በየምቱ የሚመጣ 2፣ አራቴ ለሚመታ ተዋጊ 8 ነው።

እህት፦ ሮጓን በተመለከተስ? ስኒክ አታክ የሚባለው ችሎታዋ የሚሰጣት ዳይስ ብዛት ለጀማሪ መሪ ያስደነግጣል።

ወንድም፦ እሷ የተገላቢጦሽ ናት። አምስተኛ ደረጃ ላይ 3 ባለ 6 ፊት ዳይስ አላት፣ በአማካይ 10.5፤ ግን በአንድ ተራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሁለት እጇ ሁለት መሣሪያ ይዛ ሁለቴ ብታሳርፍም አንዴ ነው። ሁለተኛው መሣሪያ የሚጠቅማት የመጀመሪያው ሲስት ሌላ ዕድል ስለሚሰጣት ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፤ ደንቡ የሚለው በተራ እንጂ በዙር አይደለም። ጠላት ከአጠገቧ ሲሸሽ በእሱ ተራ ላይ የምትሰነዝረው ምት ቅድመ ሁኔታውን ካሟላ ስኒክ አታኩ እንደገና ይሠራል። ይህን አንብባ ስትጠቀምበት እንዳትከለክያት፤ ደንቡ የፈቀደላት ነው።

እህት፦ ጋሼ፣ አንድ ነገር ግን ልንገርህ። ሰዎች ወደዚህ ጨዋታ የሚመጡበት አንዱ ምክንያት ትልቅ ቁጥር ማየት ነው። ቀን ሲሠሩ ውለው ማታ ዘንዶ በአንድ ምት ቢጥሉ ምን አለበት? ለምን ይህን ያህል እንቆጥርባቸዋለን?

ወንድም፦ ዘንዶውን ብቻቸውን ቢገጥሙት ምንም አልነበረበትም። ጠረጴዛው ላይ ግን አራት ሰው አለ። አንዱ በተራው 60 ይጎዳል፣ ሌሎቹ 15። ዘንዶሽ 90 የሕይወት ነጥብ ቢኖረው በአንደኛው ሰው ሁለት ተራ ያልቃል፤ አንቺም ቅር ይልሽና በሚቀጥለው 240 ትሰጭዋለሽ። አሁን ባለ 60ው ልክ እንደ ቀድሞው ይዝናናል። ባለ 15ቷ ግን ምቷ የዘንዶው ስድስተኛ እጅ የነበረው አሥራ ስድስተኛ ሆኖባታል። እሷ ምንም አላጠፋችም። ወረቀቷ ላይ የተቀነሰ ቁጥር የለም። ግን ተራዋ ሲደርስ ማንም አይመለከታትም፤ ትንሽ ቆይታ እሷም ስልኳን ታያለች። የመደራረብ ደንብ የሚጠብቀው ይህችን ሰው ነው። እኔ ለዚህ ደንብ የምቆረቆረው በእሷ ምክንያት ነው።

እህት፦ ይህን እንዲህ አላየሁትም ነበር። ፓላዲኑ ታዲያ ባለ 60ው ነው?

ወንድም፦ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ በክሪቲካል። እዚህ ላይ ጊዜ እንውሰድ። አንድ ምት እንያዝ፦ ባለ 8 ፊት የሰይፍ ዳይስ፣ 6 ቋሚ ጭማሪ፣ በላዩ 3 ባለ 6 ፊት ተጨማሪ ዳይስ። በአማካይ 4.5፣ 6 እና 10.5፤ በጠቅላላው 21። ክሪቲካል ሲሆን ስንት ይሆናል?

እህት፦ 42።

ወንድም፦ በየትኛው ጨዋታ? በ2003ቱ እትም የሰይፉ ዳይስና ቋሚው ጭማሪ ይባዛሉ፤ ተጨማሪዎቹ ዳይሶች ግን አይባዙም። 4.5 እና 6፣ 10.5፤ እጥፉ 21፤ በላዩ ያልተባዛው 10.5፤ 31.5። በአምስተኛው እትም ተገለበጠ፦ ዳይስ ሁሉ በእጥፍ ይወረወራል፣ ቋሚው ግን አንዴ ብቻ ይደመራል። 9፣ 21 እና 6፤ 36። ፓዝፋይንደር የተባለው ተመሳሳይ ጨዋታ በ2019 ባወጣው ሁለተኛ እትም ሁሉም ይባዛል፤ ያልሽው 42 እዚያ ነው። ክሪቲካል ሲሆን ብቻ የሚመጡ ጭማሪዎች ግን እዚያም አይባዙም።

እህት፦ ከ31.5 እስከ 42። ትልቅ ልዩነት ነው፤ ግን ሁሉም ጨዋታ ውስጥ ሁሉም ሰው እኩል ከተነካ ምን ችግር አለው?

ወንድም፦ እኩል አይነካም። ሌላ ተዋጊ አስቢ፤ ተጨማሪ ዳይስ የለውም፣ ክንዱ ግን ብርቱ ነው፦ ባለ 8 ፊት ዳይስና 15 ቋሚ። ተራ ምቱ 19.5 ነው፣ ከፊተኛው ምት ጋር ተቀራራቢ። በ2003ቱ እትም ክሪቲካሉ 39 ነው። በአምስተኛው 24። በፓዝፋይንደር 39። አየሽ? በ2003ቱ ክሪቲካል የብርቱ ክንድ በዓል ነበር፤ ባለ ብዙ ዳይሷ ሮግ ትንሽ ነው የምትጨምረው። በአምስተኛው እትም በዓሉ ወደ ባለ ብዙ ዳይሶቹ ዞረ፣ ወደ ሮግና ወደ ፓላዲን። አንድ ዓረፍተ ነገር ተቀይሮ የጠረጴዛው ጀግና ተቀየረ። ደንብ አዘጋጆች እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ መስመር ነው የሚወስኑት።

እህት፦ ለካ ፓላዲኖች 20 እስኪወጣ የሚጠብቁት ለዚህ ነው!

ወንድም፦ አዎ። በ2014 መጽሐፍ ዲቫይን ስማይት የሚባለው የፓላዲኑ ተጨማሪ ጉዳት የሚወሰነው ምቱ ካረፈ በኋላ ነው። አንደኛ ደረጃ የድግምት ቦታ ሲያወጣ 2 ባለ 8 ፊት ዳይስ ያገኛል፤ በየደረጃው አንድ ይጨምራል፣ እስከ 5። ስለዚህ 20 ሲወጣ አይቶ አራተኛ ደረጃውን ያወጣል፤ 5ቱ ዳይስ 10 ይሆናሉ፣ በአማካይ 22.5 የነበረው 45። በአንድ ተራ ሁለቴ ቢያርፍለት ሁለቴም ማድረግ ይችላል። በ2024 በታደሰው መጽሐፍ ስማይቱ ራሱ ድግምት ሆነ፤ ምቱ እንዳረፈ ቦነስ አክሽን በሚባለው ተጨማሪ ድርጊት ይደረጋል። ቦነስ አክሽን በተራ አንድ ስለሆነ ስማይቱም በተራ አንድ ሆነ። ክሪቲካሉን አይቶ መወሰኑ ግን አልተወሰደበትም።

እህት፦ ተጫዋቼ ስለዚህ ለውጥ ተናዶ ነው የሚያወራው።

ወንድም፦ በግማሹ አልፈርድበትም። በተራ አንዴ መሆኑ ተገቢ ነው፤ ሮጓ በአምስተኛው እትም ከመጀመሪያው የኖረችበት ልክ ነው። ድግምት መሆኑ ግን ሌላ ነገር አመጣ፤ ጠላት በካውንተርስፔል ሊያከሽፈው ይችላል። የሰይፍ ምት ላይ የሚታከል የእምነት ብርታት በአየር ላይ ሲከሽፍ ማየት ያሳዝናል። ያን ያህል መሄድ አልነበረባቸውም እላለሁ። አንቺ ከሁለቱ መጻሕፍት አንዱን ምረጪ፤ የምትመርጭውን ግን ለሁሉም አድርጊው። አንዱ በ2014፣ ሌላው በ2024 ሲጫወት ነው ሒሳቡ የሚበላሸው። ለምሳሌ ግሬት ዌፐን ማስተር የሚባለው ችሎታ በ2014 ከመምቻው 5 ቀንሶ ጉዳቱ ላይ 10 ይጨምር ነበር፤ በ2024 ያ ቀርቶ በከባድ መሣሪያ ሲያጠቃ የፕሮፊሸንሲውን ያህል ይጨምራል። አሮጌው 10 ከአዲሶቹ ችሎታዎች ጋር እንዲገናኝ ተብሎ አልተሠራም።

እህት፦ ፓዝፋይንደርን ደጋግመህ ታነሣለህ። ከሁሉም እሱን ነው የምትመርጠው?

ወንድም፦ በዚህ ጉዳይ አዎ፣ ያለ ማመንታት። ሁለተኛ እትሙ የደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ሦስተኛ እትም ሐሳብ ወስዶ ዓይነቶቹን ወደ ሦስት አወረዳቸው፦ የሁኔታ፣ የአቋምና የዕቃ። ያ ብቻ ነው። ሦስት ዓይነት ማንም ሰው በቃሉ ይይዛል። የባርዱ ዜማ የአቋም ጭማሪ 1 ይሰጣል፤ ብለስም የአቋም 1 ነው፤ አይደመሩም። የሰይፉ አስማት የዕቃ ነው፤ ይደመራል። ጠላትን በሁለት ወገን መክበብ ከመከላከያው 2 ይቀንሳል፤ ያ የሁኔታ ቅናሽ ነው፣ እሱም ይቆጠራል። ጠላቱ ከፈራ ደግሞ የአቋም ቅናሽ ይደርስበታል፤ አንቺ ላይ ያለው ጭማሪና እሱ ላይ ያለው ቅናሽ የተለያዩ ስለሆኑ ሁለቱም ይሠራሉ። እንግዲህ ተመልከቺ፦ ባርዱ ዘመረ፣ አንዱ ከበበ፣ አንዱ አስፈራራ፣ አንዷ መታች። አራት ሰው በአንድ ምት ውስጥ ገባ።

እህት፦ ቁጥሮቹ ግን ትንንሽ ናቸው። 1 ምን ያደርጋል?

ወንድም፦ እዚያ ጨዋታ ውስጥ የጠላትን የመከላከያ ቁጥር በ10 ከበለጥሽ ምቱ ክሪቲካል ነው። ስለዚህ አንዷ 1 መሳቱን ወደ መምታት፣ መምታቱንም ወደ እጥፍ ልታሻግር ትችላለች። ዳይሱን ወርውረሽ ልክ በአንድ ስታልፊ ባርዱ «የኔ ናት!» ብሎ ይጮኻል። እርዳታ እንዲህ ሲታይ ነው ሰው መርዳትን የሚወደው።

እህት፦ አምስተኛው እትም ውስጥ ይህን ማምጣት ይቻላል?

ወንድም፦ በሌላ መንገድ አለ። አድቫንቴጅ ስታገኚ ሁለት ባለ 20 ፊት ዳይስ ወርውረሽ የበለጠውን ትወስጃለሽ፤ ሦስት ሰው አድቫንቴጅ ቢሰጥሽም ዳይሱ ሁለት ነው። አንድ ዲስአድቫንቴጅም ሦስቱን ያጠፋቸዋል። ያ መደራረብን ይገድላል፤ ግን ሦስተኛው ሰው የሚያመጣው እርዳታ ይባክናል። ስለዚህ የአስማት ዕቃ ስትሰጪ አድቫንቴጅን በየዕቃው ላይ አታስቀምጪ፤ ብዙ ገጸ ባሕርያት በሙያቸው የሚያመጡት እሱን ነው።

እህት፦ የአስማት ሰይፍ ልሰጥ ነበር። ቋሚ ጭማሪ ይሻላል ወይስ እሳት?

ወንድም፦ እኔ እሳት እሰጣለሁ፣ ምክንያቱም እሳት ጠላቱ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ፍሌም ተንግ የሚባለው ሰይፍ 2 ባለ 6 ፊት የእሳት ዳይስ ይጨምራል፤ ቀይ ዘንዶ ላይ ግን እሳቱ ምንም አይደለም፣ እሳት አይነካውምና። ጠላቱ እሳትን የሚቋቋም ከሆነ ደግሞ የእሳቱ ድርሻ በግማሽ ይቀራል። ይህ የሚሠራው ሌላው መደመርና መቀነስ ካለቀ በኋላ ነው። ሰይፉ 14፣ እሳቱ 7 ከጎዱ፣ ከእሳቱ 3 ይቀራል፤ ድምሩ 17። የመቋቋሚያ ምንጩ ሁለት ቢሆንም በግማሽ የሚቀረው አንዴ ነው። በጭራቆችሽ በኩልም መደራረብ የተከለከለ መሆኑን አስተውዪ።

እህት፦ ድሮ በየምቱ የሚቀነስ ነገር ነበረ ስትል ሰምቻለሁ።

ወንድም፦ በሦስተኛው እትም አለ። ጭራቁ ከያንዳንዱ ምት 10 ቢቀንስ፣ ሁለት ጊዜ 12 የመታው ሰው 4 ብቻ ያደርሳል፤ አንዴ 24 የመታው 14። ጭማሪዎችን በአንድ ምት ላይ መከመር ያኔ ብልሃት የሆነው ለዚህም ነው። አምስተኛው እትም በአብዛኛው በግማሽ ስለሚቀንስ ብዙ ትንንሽ ምት የሚመቱትን ያን ያህል አይጎዳም።

እህት፦ እንግዲህ ቅዳሜ ምን ልበላቸው?

ወንድም፦ ዳይሱ ከመነካቱ በፊት የሚከተለውን ንገሪያቸው። የምንጫወተው በዚህ መጽሐፍ ነው። ስሙ አንድ የሆነ ድግምት አይደራረብም። በክሪቲካል ዳይሱ እጥፍ ይሆናል፣ ቋሚው አይሆንም። እያንዳንዱ ሰው በየምቱ የሚመጣለትንና በየተራው የሚመጣለትን ለይቶ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። መልሱ ወዲያው የማይገኝ ነገር በውጊያ መሐል ከተነሣ ለተጫዋቹ በሚያደላ መንገድ ወስነሽ ቀጥይ፤ መጽሐፉን ከውጊያው በኋላ አብራችሁ ክፈቱ፤ ከዚያ በኋላ የተወሰነው ለሁሉም ይጽና።

እህት፦ ለጭራቆቼም?

ወንድም፦ ለእነሱም። ለፓላዲኑ የፈቀድሽውን ለሚገጥመው ጨለማ ፈረሰኛም ፍቀጂ፣ የከለከልሽውንም ከልክዪ። ሮጓንም አትርሻት፤ ቅዳሜ ማታ ስትደውይልኝ መጀመሪያ የምጠይቅሽ ስለ እሷ ነው።